ወደ ውስጥ የሚሳበው አዎ

ሃምራቪክ፣ ኖቬምበር 4

ለእትዬ ሱንቫ፣

ይህን ከማንበብሽ በፊት ተቀመጪ። ሥራ ላይ ከሆንሽም የበሽተኛ አልጋ ጫፍ አይጠፋም። ከዚያ በራዲዮ የሙታንን ስም እንደሚያነበው ሰውዬ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አንብቢው፦

የዓሣ ፋብሪካው ቢላዋ ያዥ፣ የመንደሩ ራስ ምታት፣ የሱንቫ ታናሽ ወንድም የሆነው ብራንዱር፣ ባልታሰበ ድንገተኛ አጋጣሚ ባለፈው ማክሰኞ መምህር ሆኖ ከመካከላችን ተለይቷል። አበባ ማምጣት አያስፈልግም።

ሳቅሽን ጨርሺና ተመለሽ። እጠብቃለሁ።

የምን መምህር ብትዪ፣ የቋንቋ። የገዛ የፋሮ ደሴቶች ቋንቋችን። የትምህርት ቤት ሐኪሟ "ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ፊደል ዓይኑ ውስጥ አልቆም ብሎት ነው" ብትላት፣ እናታችን "እሱስ ራሱ መቼ ቆሞ ያውቃል?" ያለችው ልጅ፣ ያ ልጅ ነው መምህር የሆነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ፋብሪካው ውስጥ በግራዬ ሮዌና፣ በቀኜ ሲሪፖርን ይቆማሉ። አንዷ ከፊሊፒንስ፣ አንዷ ከታይላንድ፣ የኛን ልጆች አግብተው የመጡ ናቸው። ንግግር የለመዱት ከኔ ነው። ሲሪፖርን "እንደምን አደሩ" እንዴት ይባላል ብላ ብትጠይቀኝ "ጢምዎ የበግ ጭራ ይመስላል" የሚለውን አስጠናኋት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለቄሱ ጎንበስ ብላ አለቻቸዋ! ቄሱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ ግን "ማነው ያስተማረሽ? እዚሁ የተወለድሽ ነው የሚመስለው" አሏት። ማዘጋጃ ቤቱ ለመጤዎቹ አስተማሪ ፈልጎ ያጣበት ሰሞን ነበር፤ የተማረው ሁሉ ወደ ዋና ከተማው፣ ወደ ቶርስሃቭን ሄዷል። ቄሱ ስሜን ሰጡ።

ግን ለሙከራ ነው። ክረምቱን አስተምራለሁ። በማርች ተቆጣጣሪ ትመጣና ሳስተምር ታያለች፤ ከዚያ እሷ የመረጠችውን አንድ ገጽ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ካነበብኩ ሥራው የኔ ነው። ካላነበብኩ እኔ ወደ ቢላዋዬ፣ ክፍሉም ይዘጋል።

አዎ፣ አንድ ገጽ። በሕይወቴ ሙሉ ካነበብኩት ይበልጣል።

ክፍሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው አሮጌው ትምህርት ቤት ነው፤ የልጅነት አስተማሪያችን፣ የእመት ማሌና። ጭስ ማውጫው አሁንም ያጉረመርማል።

በብዕር የምጽፈው አንቺ "ስልክ ስህተትህን ይደብቅብሃል" ብለሽ ስላዘዝሽ ነው፤ የአንቺን ደብዳቤ ግን ስልኬ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። እንግዲህ ያዘዝሽውን አንብቢ።

ብራንዱር
(ከእንግዲህ "ጋሼ መምህር" ካላልሽኝ አልመልስም)


ኮፐንሀገን፣ ኖቬምበር 19

ለጋሼ መምህር፣ (እየሳቅሁ ነው የምጽፈው)

ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ፤ ሠራተኛ ጎድሎብን ፈረቃው ተደራርቦብኛል። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ምን እንደጻፍክ ለማወቅ፣ አንዴ ለማልቀስ። ያለቀስኩት በእጅ ጽሑፍህ ነው፤ አትኩራ።

አሁን ቀልዱን ተወውና እውነቱን ንገረኝ። ሴቶቹ ፊት ቆመህ ፊደሉ ሲበተንብህ ምን ታደርጋለህ? እዚያ ሆኜ እንደ ድሮው ጆሮህ ላይ አላነብልህም።

ከደብዳቤህ በኋላ በላክኸው ፖስት ካርድ ጀርባ ስለ እመት ማሌና የጠየቅኸኝን አልመልስም። በሴፕቴምበር ታመው ወደዚህ አገር በአውሮፕላን መወሰዳቸውን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የሆስፒታል ነገር ነው፤ እኛ ደግሞ ስንቀጠር ላንናገር ፈርመናል። ግን እሳቸውን ምን አስታወሰህ? አንተ እኮ ስማቸውን ስትሰማ በመስኮት የምትዘል ልጅ ነበርክ።

እህትህ ሱንቫ


ሃምራቪክ፣ ዲሴምበር 9

እትዬዋ፣

"እውነቱን ንገረኝ" አልሽ፤ እነግርሻለሁ። ከመጽሐፍ አላስተምርም። ድንች ይዤ እመጣለሁ፣ የደረቀ የበግ ሥጋ ይዤ እመጣለሁ፣ እንገበያያለን፣ እንሰዳደባለን። ሮዌና አማቷን ሆና ትቆጣኛለች። "ይህን ሥጋ አንተ ነህ የሰቀልከው? በግ ነው ወይስ ጫማ?" ትለኛለች። አማቷ ያለቻትን ነው ቃል በቃል የምታመጣው፤ እቤቷ መመለስ ስለማትችል እዚህ እኔ ላይ ትወጣዋለች።

"ምን አስታወሰህ?" ላልሽው ደግሞ፣ ብርድ ልብስ ደርበሽ ስሚ።

በመጀመሪያው ቀን ያስተማርኳቸው መጽሐፍ ውስጥ የሌለውን ነው፤ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ "አዎ" ማለትን። ሲሪፖርን መንደሩ በሙሉ አስም ያለበት መስሏት ኖሯል። "ባሌን ሻይ ልጨምርልህ ወይ ስለው በድንጋጤ ነው የሚመልስልኝ። ሻዬ ምን አለበት?" አለችኝ።

"አልደነገጠም፤ አዎ ነው ያለሽ" አልኳት። "በሉ ሳቡ።"

ሮዌና ሳበች። ሲሪፖርን ሳበች። እኔ ሳብኩ።

ከዚያ ከኋላዬ፣ ከአሮጌው ካርታ ሥር፣ አንድ ሰው ሳበ።

ሁለቱም ሴቶች ፊት ለፊቴ ነበሩ።

"ነፋስ ነው" አልኩ።

ሮዌና "ነፋስ ይነፍሳል እንጂ ይስባል እንዴ?" አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንበሯን ምድጃው ሥር አድርጋለች።

እመት ማሌና እንዴት ያስነብቡን እንደነበር አትረሺውም። ከኋላችን ቆመው፣ ቃሉን በትክክል ስንጠራው ትንፋሻቸውን ስበው "አዎ"፤ ስንስት ዝም። አየሩ ወደሳቸው ሲሄድ ማጅራታችንን ይበርደን ነበር። አንቺ ስታነቢ ክፍሉ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል። ለኔ ግን አንድም ቀን አልሳቡልኝም። እኔ መጽሐፉን ይዤ ቆሜ፣ እሳቸው ከኋላዬ ቆመው፣ ደወል እስኪደወል። አይመቱኝ፣ አይቆጡኝ። መጨረሻ ላይ "ነገ" ብቻ ይሉኛል። ያቺን "ነገ" ሽሽት ነበር ደረቅ ዓሣ ካፖርታቸው ላይ እየሰፋሁ ከክፍል የምባረረው።

ክፍላችን ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ባለፈው ሐሙስ ለፈተናው ልለማመድ ብዬ ሴቶቹ ሳይመጡ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ። መጽሐፉን ገልጬ አንዱን ቃል በግምት ጠራሁት። ዝም። ሌላ ገመትኩ። ዝም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ይዤ እንደገና ጠራሁት። ማጅራቴ ቀዘቀዘ።

"አዎ።" ወደ ውስጥ።

እትዬ፣ ሮዌና ስትመጣ ቃሉን አስነበብኳት። ትክክል ነበር።

ብራንዱር


ሃምራቪክ፣ ጃንዋሪ 14

እትዬ ሱንቫ፣

አልቀለድኩም። "ማልልኝ" ካልሽም በእናታችን መቃብር። አልጠጣሁም። አይ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተመሳጥሬም አይደለም፤ በመንደሩ ከኔ የባሰች ቀልደኛ ብትኖር እስካሁን አግብቻት ነበር። ራዲዮውን በየምሽቱ እከፍታለሁ፤ የእመት ማሌና ስም ከሙታኑ ጋር አልተነበበም። ታዲያ ካልሞቱ ምን ፈልገው እዚህ ይቆማሉ? ሙታን ሥራ ፈት ናቸው፣ ይገባኛል።

እንግዲህ ከመፍራት ይልቅ መጠቀም ጀምሬያለሁ። አሁን ሴቶቹ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ሙሉ መስመር አነባለሁ። እገምታለሁ፣ ዝም ይላል፤ እደግማለሁ፣ ይስባል። የሚገርምሽ፣ ዝምታው አያስቀይምም። ተራዬን የሚጠብቅልኝ ሰው ከኋላዬ ያለ ነው የሚመስለኝ። ዞሬ ግን አላየሁም። አንቺ ብትሆኚ ትዞሪ ነበር?

ሲሪፖርን እኔን ሳታማክር ከካርታው ሥር ወንበር አስቀመጠች፤ ፊቱም ቀይ ለስላሳ በብርጭቆ።

"ለማን ነው?" አልኳት።

"ለቆመው ሰው ነዋ! በኛ አገር እንግዳ ቆሞ አይቀርም። እናንተ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?"

ማንም አልተቀመጠበትም። ለስላሳውን ሮዌና ጠጣችው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ማክሰኞ ድምፁ ረጥቦ ነበር፤ ከንፈሩን እየላሰ የሚናገር ሰው ድምፅ። ክፍሉም ሩባርብ፣ ያ ጎምዛዛው አትክልታችን፣ ሸተተ፤ ከእሳት እንደወረደ ትኩስ። አትክልቱ ሁሉ በረዶ ሥር ነው፣ በአቅራቢያው ምድጃ የጣደ ሰው የለም። ለአንቺ ይህ ምን ይመስልሻል?

ብራንዱር


ኮፐንሀገን፣ ፌብሩዋሪ 2

ብራንዱር፣

ይቅርታ አድርግልኝ። ክረምቱን ሙሉ ደብቄሃለሁ። አሁን የፈረምኩትን አፍርሼ ልጽፍልህ ነው፤ አንብበህ ምድጃው ውስጥ ክተተው።

እመት ማሌና በሕይወት አሉ። እኔ በምሠራበት ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ ተኝተዋል። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ከመጡ ጀምሮ ቃል አልተናገሩም፤ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ አይናገሩም ብለዋል። ግን ከኖቬምበር ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ሲመሽ ትንፋሻቸውን ይስባሉ። ዴንማርካዊቷ ባልደረባዬ ነፍሳቸው ልትወጣ ነው ብላ ደወል ደውላ ነበር። እኔ ግን የአገሬን አዎ ስሰማ አውቀዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው፣ አዎ። ከዚያ ዝም። ዝም። አዎ።

"አሥራ አንድ ሰዓት" ብለህ ስትጽፍልኝ እፎይ አልኩ፤ የእሳቸው አሥራ ሁለት ላይ ነውና። ሻይ አፍልቼ ተቀመጥኩ። ሻዩ ሳያልቅ ትዝ አለኝ። ደሴታችን ከዚህ በአንድ ሰዓት ትዘገያለች።

ከዚያ ልፈትን ብዬ፣ በጃንዋሪ አንድ ማክሰኞ፣ በሚስቡበት ሰዓት ሩባርብ ቀቅዬ ጭማቂውን በጥጥ ነክሬ ከንፈራቸውን አረጠብኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ከቀናት በኋላ ደብዳቤህ ደረሰ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

የከበደኝ የቀረው ነው። ከክፍልህ ማግስት ከንፈራቸው ይጠቁራል፤ ኦክሲጅን እንጨምርላቸዋለን፤ ቀኑን ሙሉ አቅም የላቸውም። አንተ አንድ ቃል ታነብ በነበረ ጊዜ እንዲህ አልነበሩም። አሁን መስመር ታነባለህ። ትንፋሹ የሚወጣው ከሳቸው ነው።

ሱንቫ


ሃምራቪክ፣ ፌብሩዋሪ 12

እትዬ፣

ዛሬ ቀልድ የለኝም። ኪሴን ሁሉ ዳበስኩ፣ የለም።

ከደብዳቤሽ በኋላም ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜ። ልዋሽሽ አልፈልግም። ግማሽ ገጽ ደርሻለሁ። እቤት ብቻዬን ሞከርኩት፤ ፊደሎቹ የባሕር ወፍ እንደገባባቸው የዓሣ ጫጩቶች ተበተኑ። ፈተናው ማርች 17 ነው፤ ሐሙስ።

ሮዌና ትናንት እራት ላይ አማቷ "ይህ በግ ነው ወይስ ጫማ?" ስትላት፣ "ጫማ ከሆነ ያጥልቁት፣ በግ ከሆነ ይብሉት፤ ሁለቱን ግን አይችሉም" ብላ መለሰችላት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሮጊቷ ራሷ እንባዋን ጠረገች፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሷ ጎን አስቀመጠቻት። ሮዌና ይህን ስትነግረኝ ፊቷን ብታዪው! እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ከኔ አፍ ሰው የሚጠቅመውን ነገር ይዞ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ነበር።

ይህን ሥራ እፈልገዋለሁ። ኖሬ እንዲህ የፈለግሁት ነገር የለም። እስከ ፈተናው ብቻ ቢቆዩልኝስ? ትንሽ ነው የቀረው። ይችላሉ? አንቺ ታውቂያለሽ፣ ነርስ ነሽ። ይችላሉ በይኝ።

ብራንዱር


ኮፐንሀገን፣ ፌብሩዋሪ 18

ብራንዱር፣

አልልህም። እኔ ከወሰንኩልህ ብታልፍም ብትወድቅም በኔ ታሳብባለህ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ዛሬ አንድ ማንኪያ ሾርባ አልዋጡም። የማውቀው ይህንን ነው።

ሱንቫ


ሃምራቪክ፣ ፌብሩዋሪ 23

እትዬ ሱንቫ፣

ጆሯቸው ሥር ጠጋ በይና፣ በዴንማርክኛ ሳይሆን በኛው፣ እንደ መንደራችን አድርገሽ ይህን በያቸው፦ "ብራንዱር ነው። ይቀመጡ፣ እመት። እኔ ቆሜ አነባለሁ።"

ልጅ እያነበበ ተቀምጠው አያውቁም፤ ስለዚህ እምቢ ይላሉ። ደግመሽ በያቸው። አሁንም እምቢ ካሉ ካፖርታቸው ላይ የሰፋሁትን ዓሣ አስታውሺያቸው።

ከእንግዲህ ቀድሜ አልገባም። ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ ለድንቹ እያነበብኩ እታገላለሁ። ድንቹ አይስብም፣ ግን አይታመምም።

ብራንዱር


ኮፐንሀገን፣ ማርች 18

ወንድሜ፣

ፈተናህ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ነው የምጽፈው። ምናልባት ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ይተላለፉ ይሆናል።

ነገርኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ምንም። ደግሜ ነገርኳቸው። በሦስተኛው የዓሣውን ነገር ሳነሳ የአፋቸው ጥግ ተነቃነቀ፤ ስቀው ይሁን ተቆጥተው አልለየሁም። ከዚያ እጃቸውን አነሱና ወንበሩን አመለከቱ። ከመጡ ጀምሮ ከአልጋ ወርደው አያውቁም። ለሁለት ደግፈን አስቀመጥናቸው።

ከዚያ ወዲህ መሳቡ ቆመ። ሾርባም ይጠጣሉ። ከንፈራቸው ቀላ።

ትናንት በፈተናህ ሰዓት አጠገባቸው ነበርኩ፤ የሰዓቱን ልዩነት አስቤ። ከንፈራቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በሩን በሩን እያዩ ተቀመጡ። ባልደረባዬ "ሰው የሚጠብቁ ይመስላሉ" አለችኝ። አንድም ጊዜ አልሳቡም። ማልልሃለሁ። ሲመሽ እዚያው ወንበሩ ላይ ተኙ፤ ዛሬ ጠዋትም ደህና ነቅተዋል።

ካለፍክም ጻፍልኝ፣ ከወደቅህም ጻፍልኝ። በተለይ ከወደቅህ።

ሱንቫ


ሃምራቪክ፣ ማርች 27

እትዬዋ፣

"አንድም ጊዜ አልሳቡም" የምትለውን መስመር ራሴ አነበብኳት። ከዚያ ደብዳቤሽን አስቀምጬ እስከ ባሕሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ለምን እንደሆነ አሁን ትደርሺበታለሽ።

ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ ኦድቮር ይባላሉ። ረጅም ናቸው፣ ካፖርታቸውን አላወለቁም፤ ክፍላችን እንደሚበርድ ሰው ነግሯቸዋል። ምድጃው አጠገብ ቆመው እጃቸውን እያሞቁ ትምህርቱን አዩ። ሮዌና አማት ሆና የሥጋ ገበያ አቆመች። ሲሪፖርን ዋጋ ስትከራከር ወይዘሮ ኦድቮርን "እርስዎስ ዝም ብለው ይቆማሉ? ወይ ይግዙ ወይ ይለፉ!" አለቻቸው። ሴትዮዋ ሳያስቡት ኪሳቸውን ዳበሱ። እኔ በሳቅ እንዳልወድቅ ጠረጴዛውን ያዝኩ።

ከዚያ ገጹን ሰጡኝ።

ቆምኩ። ከኋላዬ ማንም እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ማጅራቴ ሞቆ ነበር። እንዲህ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ፊደሎቹ ወዲያው መሸሽ ጀመሩ። ጣቴን ጫንኩባቸው። አንዱን ቃል ያዝኩ። ሌላውን ያዝኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ አንዱ ቃል እምቢ አለኝ፤ ገመትኩ፣ ትክክል ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም። ያ ዝምታ ከወትሮው ሌላ ነበር፤ ማንም የማይጠብቅበት ዝምታ። ሲሪፖርን ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ስትጀምር ሮዌና ከጠረጴዛው በታች ረገጠቻት።

"እግሬን!"

"ተዪው! ራሱ ይድረስበት።"

ደረስኩበት። ላብ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል። ቀጠልኩ፤ እየተሰናከልኩ፣ እየተመለስኩ፣ እስከ መጨረሻው ቃል።

መጨረሻውን ቃል ስጠራው ማጅራቴ ቀዘቀዘ።

"አዎ።" ረጅም። ወደ ውስጥ። ክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር በሙሉ የወሰደ መሰለኝ።

ወይዘሮ ኦድቮር ፊት ለፊቴ ምድጃው ዘንድ ናቸው። ሮዌና አፏን በእጇ ይዛለች። አንቺም እንደማልሽልኝ እመት ማሌና ኮፐንሀገን ከንፈራቸውን ገጥመው ተቀምጠዋል። ሲሪፖርን ብቻ ከኋላዬ ወዳለው ካርታ አላየችም፤ እኔን ነበር የምታየው።

"አንተ እኮ ነህ" አለችኝ።

ደረቴን ነካሁት። እስከ ጉሮሮዬ ሞልቷል። የሳብኩት እኔ ነበርኩ። ማጅራቴ ለምን እንደቀዘቀዘ ግን አልነግርሽም፤ አላውቅማ።

"ምን አልክ?" አሉ ወይዘሮ ኦድቮር።

"አዎ አልኩ።"

"ለማን?"

"ላነበበው ልጅ።"

ገጹን ከእጄ ወሰዱ። ከዚያ "ሥራው ያንተ ነው። ምድጃውን ግን አስጠግኑት፤ ዓይኔን አቃጥሎታል" ብለው ዓይናቸውን ጠራረጉ። ምድጃው አያጨስም እኮ፤ አልተከራከርኳቸውም።

ለእመት ማሌና ንገሪያቸው። ቀስ ብለሽ።

እንግዲህ ረጋ ብዬ ሳስበው፣ ይህን ሁሉ ወረቀት የሚያስፈጅ ነገር አልነበረም። አንድ ሰው አንድ ገጽ አነበበ። በዓለም ላይ ሕፃናት ቁርስ ሳይበሉ የሚያደርጉት ነው። ገጹም ስለ በግ ነበር። እንዲያውም ሙሉ ገጽ አይባልም፤ ግማሹ የበጉ ሥዕል ነው።

ወንድምሽ ብራንዱር